ክረምት ላይ ነቀምቴ ምን አለ ለምትሉኝ

«ክረምት ላይ ነቀምቴ ውስጥ ከጭቃ በቀር ምን አለ?» አለኝ።

«አንተ አውሮፕላን ቀያይረህ ያየኸውን ባሕር ሲያጠጣ የኖረ ውሃ አለ» አልኩት።

ጠያቂዬ ከአራት አብሮ አደጎቹ ጋር ሐምሌን ሜዲትራንያን ዳር ሲዞር ከርሞ የመጣ ነው። አምስቱም የነቀምቴ ልጆች ናቸው። አንድ ሰፈር ኳስ ሲያባርሩ አድገው ኋላ ኑሮ በተናቸው፤ ሁለቱ ጀርመን፣ አንዱ ኖርዌይ፣ አንዷ ሚኒሶታ፣ እሱ አዲስ አበባ። አቴንስ ላይ ተገናኝተው፣ በመርከብ ከደሴት ደሴት ተሻግረው፣ ናፖሊን አይተው፣ ባርሴሎና ላይ ተሰነባበቱ። እሰየው! አብሮ አደግ ተጠራርቶ መንገድ ሲወጣ ከልቤ ደስ ይለኛል። ለፍተው ያገኙት ገንዘብ ነው፤ ማንም ሊቆጥርባቸው አይገባም።

ያላስቻለኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ነሐሴ ላይ ቤተሰብ ሊጠይቁ ነቀምቴ ተሰባስበው፣ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ፣ ወሬው ሁሉ «እዚያ ፀሐይ፣ እዚህ ዝናብ፤ እዚያ ይኖራል፣ እዚህ ይከረማል» ሆነ። አገር ቤት የቀረ ሰውም አፍ አለው። አንድ በአንድ መለስኩላቸው። እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው፤ አንዱንም ለጨዋታ ብዬ አላልኩትም።

ከውሃው ልጀምር። ዴዴሳ በውሃ ብዛቱ ከአባይ ገባሮች የሚስተካከለው የለም። አንገር ይገባበታል፤ በስተምዕራብ ደግሞ ዳቡስ በራሱ መንገድ ወደ አባይ ይወርዳል። ናይል ከሚያገኘው ውሃ 86 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ይሄዳል፤ አብዛኛው የሚሄደውም በዚሁ እናንተ በናቃችሁት ክረምት ነው።

«እሺ፣ ሄዶስ ምን ሠራ?» አለ የኖርዌዩ።

«ዓሣ ቀለበ» አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀምሮ በ1970 ያለቀው ታላቁ የአስዋን ግድብ ውሃ መያዝ እስኪጀምር ድረስ የኢትዮጵያ ደጋ ጎርፍ ከነአፈሩ ግብፅን አቋርጦ፣ በሮዜታና በዳሚዬታ በኩል ባሕር ይገባ ነበር። አፈሩ ይዞት የሚሄደው ምግብ ረቂቅ የባሕር ዕፅዋትን ያበዛል፤ ሰርዲን እነዚያን ተከትሎ ወደ ዳር ይመጣል፤ የግብፅ ዓሣ አጥማጅም ጎርፉ በደረሰ ሰሞን መረቡን ይሞላል። ግድቡ ጎርፉን ሲያስቀረው የሰርዲኑ ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሽቆለቆለ። «እንግዲህ አንተ መርከብ ላይ ቆመህ ያደነቅኸው ባሕር የወለጋ አፈር ሲቀርበት የተራበ ባሕር ነው።»

ዝም አለ። ዝም ማለቱ ግን አላስደሰተኝም፤ ቆጨኝ እንጂ። ይህ ለሁላችንም በልጅነታችን ሊነገረን የሚገባ ነገር ነበር። ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የዴዴሳን ድልድይ በአውቶቡስ ስንሻገር አንድም ቀን «ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ያለን ሰው የለም። አድገው ባሕሩን ከፍለው ያዩት፣ ምንጩን ግን በነፃ ያላዩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቡና ተነሣ። የሚኒሶታዋ ናፖሊ ላይ ባንኮኒ ተደግፋ የጠጣችውን ኤስፕሬሶ ታነሳለች።

«እንደዚያ ያለ ቡና እዚህ አይገኝም» ስትል፣ «ከየት የሄደ ነው ብለሽ ነው እህቴ?» አልኳት።

ጣሊያን ቡና መቁላት ታውቅበታለች፤ ፍሬውን ግን መርከብ ነው የሚያመጣላት፤ ከኢትዮጵያ ከሚገዙ አገሮችም አንዷ ናት። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ በከተማችን ስም «ለቀምፕቲ» እየተባለ ይሸጣል። ከግምቢና ከአካባቢው የሚሰበሰብ፣ ፍሬው ጎላ ያለ፣ አብዛኛው ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ፣ ሲጠጡት የፍራፍሬ ቃና ያለው ቡና ነው። ያቺ የናፖሊ ሲኒ ውስጥ የእኛ ፍሬ ነበረ ብዬ አልምልም። ግን የከተማችን ስም ጆንያ ላይ ተጽፎ ባሕር ሲሻገር የከተማው ልጅ ሳያውቀው መቅረቱ ያመኛል።

ይህን ስንባባል የጓደኛችን እናት ቡና ቀላ ይዘው ገቡ። ሳይፈለፈል የደረቀውን ፍሬ ጫፍ ጫፉን በጥርስ ነክሰው፣ ሸክላ ውስጥ ቅቤ ላይ አድርገው፣ እሳቱን እየቀነሱ ሲያማስሉት ቆይተዋል። ቅቤው ገለፈቱ ውስጥ እስኪገባ ይጠብቃሉ፤ ሽታው ከፍሬው ቀድሞ ሳሎን ይደርሳል። ተመርቆበት በማንኪያ ለየአንዳንዱ ይታደላል። ከጀርመኖቹ አንዱ አፉ ውስጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«አዴ፣ ይህንን የቀመስኩት ልጅ ሆኜ ነው» አላቸው።

እሳቸውም ቀበል አድርገው «እኔ መሥራቱን ትቼ አላውቅም፤ አንተ መምጣቱን ትተህ ነው» አሉት። ከዚያ ቀን ተረብ ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች።

የጀርመኑ ወሬ ለመለወጥ ብሎ ግሪኮችን አመሰገነ። «እንግዳ ሲቀበሉ ልዩ ናቸው!»

«ብድራቸውን እየመለሱ ነዋ» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ የጋምቤላ ገበያ በዚያ ቆመ። የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎች ጋምቤላ፣ ጎሬና ሳዮ፣ ማለት የዛሬው ደምቢ ዶሎ ድረስ መጥተው ሱቅ ከፈቱ። የወለጋ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። መርከቡ ጋምቤላ የሚደርሰው መቼ ነው? ክረምት! ባሮ ሲሞላ ብቻ። በጋ ላይ ውሃው ይጎድልና ከካርቱም የሚመጣ መርከብ የለም። እናንተ ክረምት ሲገባ መንገዱ ተዘጋ ትላላችሁ፤ ለእነዚያ የሜዲትራንያን ሰዎች ግን የወለጋን መንገድ የሚከፍተው ክረምት ነበር። ዝናቡን እንደ ደመወዝ ቀን ነበር የሚጠብቁት። ጣሊያኑ አልቤርቶ ፕራሶም ወለጋ ድረስ መጥቶ ዩብዶ ላይ ፕላቲንየም ያስቆፈረ ሰው ነው። የባሕሩ ዳር ሰዎች እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ደርሰዋል፤ የመጡትም ሀብት እንዳለ አውቀው ነው።

ከዚያ የኖርዌዩ ስልኩን አወጣና ያነሳውን ቪዲዮ አሳየን። ጀምበር እየጠለቀች ነው፤ ማዕበል የለም።

«ይህ ባሕር እኮ ያረጋጋል» አለ።

«ማንን?» አልኩት፤ እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ብሏል።

ያው ባሕር፣ ያው ወር ነው። ባሕሩ ሲረጋ የሽርሽሩ መርከብ ይወጣል፤ ባሕሩ ሲረጋ ነው የሊቢያ ደላላም የላስቲክ ጀልባውን የሚገፋው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ሜዲትራንያን ላይ ሞቱ ወይም ጠፉ ብሎ የመዘገባቸው ሰዎች ከ28,000 ይበልጣሉ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው አንዲት ጀልባ ከ360 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ሲያርድና ሲረሽን ያሳየው ቪዲዮ ወጣ፤ ከፊሎቹን የገደላቸው እዚያው ባሕር ዳር ላይ ነው። ያን ሳምንት ለቅሶ ያልተቀመጠ ከተማ አልነበረም።

«እነሱማ በገዛ እጃቸው ነው የሄዱት» አለ የአዲስ አበባው።

«አንተስ በማን እጅ ነው የሄድከው?» አልኩት። «እነሱም እንደ እናንተ አብሮ አደግ ናቸው፤ እነሱም ተጠራርተው ‹አብረን እንውጣ› ተባብለው ነው የወጡት። አንተ ቪዛ ስለተመታልህ ጎብኚ ተባልክ፤ እሱ ስላልተመታለት ስደተኛ ተባለ። እናቱ ከእናትህ ቤት ሦስት አጥር ነው የምትርቀው።»

ለዚህ መልስ አልነበረውም። የሚኒሶታዋ ግን «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ስለዚህ ከልቤ መለስኩላት። ቡናችን ጥሬውን ሄዶ፣ ናፖሊ ተቆልቶ፣ በውድ የሚሸጠው እስከ መቼ ነው? አምስት ሆናችሁ ለአንድ ሐምሌ ያዋጣችሁት ገንዘብ ግምቢ ወይም ነቀምቴ ላይ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ ለሚሸጥ አንድ ቤት መነሻ ይሆናል። ለቅሶ ላይ ከምታዋጡ ሥራ ላይ አዋጡ። እዚያ ቤት የሚቀጠር አንድ ልጅ ጀልባውን አያይም።

«መምጣቱንስ እንመጣ ነበር፤ መንገዱ አስፈራን እንጂ» አለ የጀርመኑ፤ ቀልድ አልነበረም።

ይህን ፍርሃት አልተረብኩበትም። ባለፉት ዓመታት ወለጋ የተኩስ፣ የመፈናቀልና የእገታ ወሬ ያልተለየው አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ሳምንታት የጠበቀበት ጊዜ ነበር። ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጎ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው ያንን መንገድ እየጸለየ ተጉዞበታል። ማንንም ወደ ተኩስ ና አልልም። እዚህ ያለነው ሰላም ሲወርድ ከማንም በላይ እልል የምንል ነን። ግን ፈርቶ መቅረት ሌላ፣ ንቆ መቅረት ሌላ። የፈራ ሰው ይደውላል፣ መንገዱ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ቀን ይቆጥራል። እናንተ «ምን አለ?» ነው ያላችሁኝ።

እዚህ ለመድረስ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ቀን የቆጠረ የለም። በልጅነቱ ተፈንግሎ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ ነፃ ወጣ። ስዊድን ሄዶ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1881 ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ወለጋ ሊገባ ተነሣ፤ በካርቱም በኩል እስከ ፋማካ ደርሰው በሽታ መለሳቸው። በታጁራ በኩል ዞረው እ.ኤ.አ. በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ ወደ ምዕራብ ማለፍ ተከለከሉ። ምጽዋ አጠገብ ተመልሶ መተርጎሙን ቀጠለ፤ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ላይ ታተመ። ነቀምቴ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ቁጠሩት፤ 23 ዓመት! ስዊድንን ያየ ሰው ነው፤ አውሮፓ መቅረት ይችል ነበር። እሱ ግን ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ አስተማረ።

እዚህ ላይ ስለ ነቀምቴው የድሮ ገዥ ቤተ መንግሥት የጠየቀችኝ የሚኒሶታዋ ናት። «የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ክፍት ነው?» አለችኝ። አምስቱም ግቢው አጠገብ አድገው አንዳቸውም ውስጡን አላዩም፤ አቴንስ ላይ ግን ዓምድ ለማየት ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። «ነገ ጠዋት እወስዳችኋለሁ፤ ከዚያ የወለጋ ሙዚየምን ታያላችሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ዴዴሳ እንወርዳለን» አልኳቸው። አንጮቴ የተባለው የሥራሥር ምግብ ደግሞ የመስቀል ነው፤ እሱን ለመብላት ትኬታቸውን ማራዘም አለባቸው። ሦስቱ አራዘሙ።

ቀሪው የሚኒሶታዋ ጥያቄ ነበር። «ልጆቼን ባመጣቸው ምን ይገባቸዋል? ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አይሰሙም» አለች።

«አስቴር ጋኖ በእነሱ ዕድሜ ባሪያ ነበረች» አልኳት። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሲወስዷት የጣሊያን መርከብ ባሕር ላይ አስጥሏት ምጽዋ አጠገብ ተማረች፤ ያደገችበትን አገር እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከራሷ አእምሮ እያወጣች 500 ያህል ጻፈች። ከነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። ከኦነሲሞስ ጋር ነቀምቴ መጥታም ስታስተምር ኖረች። «ልጆችሽን አምጫቸው። አንድ እንቆቅልሽ በቀን እያስያዝን እንሰዳቸዋለን፤ አንቺም አብረሽ ትቀመጫለሽ፤ ግማሹን እንደረሳሽው ዛሬ አይቻለሁ።»

«ግማሹን አልረሳሁም!» አለች።

«እንግዲያው ሂቦ!» አልኳት፣ እንቆቅልሽ በኦሮምኛ ሲጀመር እንደሚባለው፤ ወዲያው «ሂብ!» አለች።