ያልተሰፋው ብርድ ልብስ ይበልጣል

ከብርድ ልብስ ሁሉ እንከን የማይወጣለት ገና ያልተሰፋው ነው። ስፌቱ አይጣመምም፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ሕፃን አይሸናበትም። ይህን ጥበብ ከማንም ቀድመው የደረሱበት የአሜሪካ ኩዊልት ሰፊዎች ናቸው። ሰፊዎች የምላቸው የቆየ መጠሪያቸው ስለሆነ ነው፤ ከመካከላቸው የበቁት ግን መስፋቱን ትተው ወደ ማቀድ ከፍ ብለዋል።

ኩዊልት የጥጥ ጨርቅ ተቆራርጦ፣ ቁራጩ በየቅርጹ እየተጋጠመ ከተሰፋ በኋላ፣ መሃሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥሩም ገበር ገብቶለት ሦስቱ በአንድ ላይ በስፌት የሚጠቀጠቁበት ብርድ ልብስ ነው። የእኛ አገር ሰው ድሪቶ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይሳሳታል። ድሪቶ የሚሰፋው ጨርቅ ያጣ ሰው ነው፤ ኩዊልት የሚያቅደው ጨርቅ የተረፈው ነው።

ጨርቁም በከንቱ አልተረፈም። ሱቆቹ ብትኑን 46 በ56 ሳንቲሜትር ያህል አድርገው ቆርጠው፣ አጣጥፈው፣ በሪባን አስረው ይሸጡታል። ለቀሚስ አይበቃም፣ ለመጋረጃ አይሆንም፤ ምን እንደሚሠራበት ለማያውቅ ሰው ግን ልክክ ያለ ነው። ስለዚህ ይገዛል። ቀስ በቀስ ቁም ሳጥኑ ይሞላል፣ የአልጋው ሥር ይሞላል፣ የእንግዳ ክፍሉ እንግዳ አላስገባ ይላል። ሰፊዎቹ ለዚህ ደረጃ ስም አውጥተውለታል፤ ከዕድሜ በላይ የሆነ ክምችት ይሉታል። ባለቤቱ ቀሪ ዘመኑን ሁሉ ቢሰፋ የማይጨርሰው ማለት ነው። በሐፍረት የሚነገር እንዳይመስላችሁ፤ ማዕረግ ነው።

ታላቁ ዕቅድ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግስት። "ዘንድሮ አንዲት ክንድ ጨርቅ አልገዛም፤ የሕልሜን ኩዊልት ካለኝ ክምችት ብቻ አወጣዋለሁ" ተብሎ ይማላል። ጨርቁ ሁሉ ከተሸጎጠበት ወጥቶ ወለል ላይ ይዘረጋል። በቀለም ይለያል፣ ይተኮሳል፣ ከዚያም የኮሚክ መጽሔት ሰብሳቢዎች መጽሔታቸው እንዳይታጠፍ በሚያስደግፉበት ካርቶን ላይ ተጠምጥሞ መደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ይቆማል። ካርቶኑ እርግጥ ይገዛል፤ መሐላው ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ካርቶን አላለም። ቀጥሎ ባለካሬ ደብተርና ባለቀለም እርሳስ ይመጣሉ። ገፋ ያለችው ደግሞ ኤሌክትሪክ ኩዊልት የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍታ የጨርቆቿን ፎቶ ታስገባበታለች፤ ቀለም ስትቀያይር አምሽታ፣ መርፌ ሳይወጋት፣ በአንድ ማታ ስንቱን ኩዊልት ሠርታ ትተኛለች። አንዱም እግር አይሸፍንም እንጂ ውበታቸውስ!

አሁን ዕቅዱ አለቀ፤ መቀስ ማንሳት ብቻ ቀረ። ሆኖም አስተዋይ ሰው ከመጀመሩ በፊት የጎደለውን ያያል። የጎደለው ነጭ ነው። ክምችቱ ወፍና አበባ፣ ብስክሌትና ሎሚ የታተመበት ጨርቅ ነው፤ ይህን ሁሉ ጫጫታ ዝም የሚያሰኝ ነጭ የለውም። ነጭ መግዛት ደግሞ ጨርቅ መግዛት አይባልም፤ ጨው እንደ መግዛት ነው። ይሁንና ኮና የሚባለው ባለ አንድ ቀለም ጥጥ ብቻውን ከ300 በላይ ቀለማት አሉትና ነጭ ሲባል የበረዶ አለ፣ የአጥንት አለ፣ የዝሆን ጥርስ አለ። ሳያነጻጽሩ መወሰን ጥድፊያ ነው፤ ሦስቱም ይገዛሉ። ከዚያ ገበሩ ይመጣል። ለትልቅ አልጋ የሚሆን ገበር 7 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ የቁርጥራጭ ክምችት 7 ሜትር ወጥ ጨርቅ ከየት ያመጣል? ይገዛል። ካለው ክምችት ብቻ የሚሠራ ኩዊልት በዚህ መንገድ ክምችቱን ያሳድገዋል። የገንዘብ ሚኒስትሮች ቢሰሙ በቅናት ይሞቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2025 ጆአን የተባለው ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ሰንሰለት ከስሮ 800 ያህል ሱቆቹን በሙሉ ሲዘጋ መሐላው ክፉኛ ተፈተነ። የማጣሪያ ሽያጭ ወጣ። ባለ ዕቅዶቹ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ፤ ከለቅሶ ቤት ግን ባዶ እጅ አልተመለሱም።

ያለ ዕቅድ የሚሰፋ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማየት የፈለገ ወደ አላባማ ይመልከት። የአላባማ ወንዝ ጥምዝ ብሎ በሦስት ጎን የከበባት፣ ጊዝ ቤንድ የምትባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለች። ሴቶቹ እርሻ ላይ የሚውሉ ነበሩ። ክምችት የላቸው፣ ደብተር የላቸው፣ የአጥንት ነጭ የላቸው። ያላቸው ጉልበቱ ያለቀ ሱሪና ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆርጣ ኩዊልት አደረገችው። የቀለም ናሙና አላየችም፤ የደበዘዘውን ሰማያዊ እንደ ደበዘዘ አስገባችው። በ1972 ሲርስ ለተባለው ኩባንያ የትራስ ልብስ እንዲሰፉ ኮርዶሮይ ሲመጣላቸውም፣ ትርፍራፊውን እንኳ አጣጥፈው ለመጪው ዘመን ማኖር ሲገባቸው፣ ወዲያው ሰፉት! እንዲህ ትዕግሥት የጎደላቸው ናቸው።

ውጤቱም ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው ሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ተሰቀለ፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ገባ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣው። መስመሩ የዞረ፣ ማዕዘኑ ያልገጠመ ድሪቶ! ባለ ዕቅዶቹ ተሰልፈው አዩት፣ አደነቁ፤ ቤታቸው ሲገቡም የጊዝ ቤንድን ዓይነት ኩዊልት ለመሥራት ዕቅድ አወጡ። ያረጀ የሚመስል አዲስ ጨርቅም ገዙለት።

የእኛም ሰው ከዚህ ጸጋ አልተነፈገም። ከዱባይ የመጣ ብትን ጨርቅ "ለልጄ ሰርግ" ተብሎ ሳጥን ይገባል፤ ልጅቱ አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጇም ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ጨርቁ ከነእጥፋቱ አለ። ለጥሩ ቀን ስለ ተቀመጠ የሚመጥነው ቀን አይገኝለትም። የጎደለን ደብተር ብቻ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያሉ የሚያሾፉ እንዳሉ አውቃለሁ። የሰማይ ላም ግን ገለባ አትጠይቅም፣ በረትም አታቆሽሽም።

ባለ ዕቅዷ ስታርፍ ክምችቷ ልጆቿ እጅ ይወድቃል። ስለ ዕቅዱ የሚያውቁት የለም፤ ደብተሩን ጥለው ጨርቁን በርካሽ ያወጡታል። የሚገዛው ታዲያ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው እንዳይመስላችሁ። ዘንድሮ አዲስ ጨርቅ አልገዛም ብላ የማለች ሌላ ባለ ዕቅድ ናት፤ የሟች ጨርቅ አዲስ አይደለምና መሐላዋ አይፈርስም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ የታጠፈ ጨርቅ ካለ ዕቅድ አውጣለት እንጂ መቀስ እንዳታስነካው። ብርዱ ከበረታብህ ደብተሩን ደርበው።