ዝምብ በ«ም»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መተማ ላይ ሰሊጡ ያብባል፤ ዋልካውም ጫማ ይበላል። አንዱን ጫማዬን አስረክቤ በአንድ እግሬ እንደ ሽመላ ቆሜያለሁ። ፊት ለፊቴ ደግሞ አንዲት በራሪ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እሷ መቆሚያም አላስፈለጋት። ቢጫና ጥቁር ጥለት የለበሰ ሆዷን እያሳየች አበባውን ታጠናለች፤ ድንገት ወደ ጎን ትስፈነጠርና ተመልሳ እዚያው ትተከላለች።

«ጋሼ፣ ንብ እኮ ናት፤ ትነድፍዎታለች!» አለኝ ከበለሳ ለአረም የወረደ ሳሉግ፣ ወቅታዊ የቀን ሠራተኛ የሆነ ልጅ።

እውቀቴ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ከመጣ አልይዘውም። «ንብ ብትሆን አራት ክንፍ በኖራት። ይህች ሁለት ብቻ ነው ያላት፤ በሌሎቹ ሁለት ፋንታ ሚዛን የሚጠብቁላት ጥቃቅን ዱላዎች በቅለውላታል። የግንባሯ ቀንዶችም አጫጭር ናቸው። መንደፊያ የላትም፤ የንብ ልብስ የለበሰችው ወፍ ለማስፈራራት ነው።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«ዝንብ።»

ልጁ አየኝ። ጫማዬ ወደ ሰመጠበትም አየ። ሰው ዝንብ ለማየት ብሎ መተማ ድረስ ይወርዳል? ጠላ ላይ ሞልቶ የለም?

ችግሩ የስም ነው። የዚህች ዘመዶች በዓለም ላይ 6,000 ገደማ ዓይነት ናቸው፤ ገሚሶቹ በትልነታቸው ክሽክሽ እየበሉ ለገበሬው ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፣ ገሚሶቹ ቆሻሻ ውኃ ውስጥ የአይጥ ጅራት በመሰለ ቱቦ እየተነፈሱ ያድጋሉ። እኛ ግን ሁሉንም፣ ከወጥ ላይ ከሚያርፈው ጋር ጠቅልለን፣ «ዝንብ» ብለን ተገላግለናል።

ጄምስ ብሩስን ጉድ የሠራው ይኸው ይመስለኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ በ1772 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ወደ ሰናር ሲሄድ ያለፈው በዚሁ ቆላ፣ ያኔ ራስ ኤል ፊል በሚባለው አገር በኩል ነው። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ከንብ ጥቂት የምትበልጥ፣ ማንም ሊቅ ያልመዘገባት አስፈሪ በራሪ አለች ብሎ ሥዕሏን ሳይቀር አስገባ። ዝናብ ሲጥል ሰዉ እሷን ሽሽት ከብቱን ከጥቁሩ አፈር ወደ አትባራ አሸዋ ይነዳል ይላል። ስሟስ? «ዚምብ»! አማርኛ ተምሯል እንኳ! አንዱን እረኛ «ይህች ምን ትባላለች?» ሲለው፣ እረኛውም በሰውዬው እያዘነ «ዝምብ ነቻ!» ሲለው ይታየኛል። ቃሉ ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብቶ ተቀመጠ።

ስቄ ስጨርስ የሃይላንድ ውኃ ጠርሙሴን አናት ቆርጬ በራሪዋን ከነአበባዋ ከደንኳት። ጠርጥሬያለሁ፤ ኢስኪዮዶን ኤጂፕቲየስ የምትባል አለች። ስሟ ግብፅን ይጥራ እንጂ አፍሪካን በሰፊው የምትዞር ናት። «ኢስኪዮዶን» በግሪክ የዳሌ ጥርስ እንደ ማለት ነው፤ ወንዱ የኋላ እግሩ ሥር ሹል ነገር አለው፤ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ጫማ፣ የዝንብ ዳሌ ፍለጋ ጎነበስሁ።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ጥርስ።»

ልጁ አፌን አየ። አስረዳሁት። ወንዱ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ይገጥማሉ፣ የሴቷ ግን ይራራቃሉ አልሁት። ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣውና አንዴ ብቻ ተመለከተ።

«አልገጠመም። ሴት ናት።»

እውነቱን ነው። ሴት ናት፤ ጥርስ የላትም። ክዳኑን ሳነሣ ሽቅብ ተነሥታ እዚያው ፊቴ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ጋላባት አቅጣጫ ሄደች።

ደብተሬን አወጣሁ። ቦታ፦ መተማ፣ ሰሊጥ ማሳ። ጾታ፦ ሴት። ስም፦ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ዝንብ ነቻ፣ ጋሼ!» አለኝ ልጁ፣ አዝኖልኝ።

ጻፍሁ። ያውም እንደ ብሩስ፣ በ«ም»።