ጉዳዩ፦ ደብተሬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠቅሰው የአዲስ አበባ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ልጄን ቅድመ አንደኛ ላስመዘግብ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ ከልብ አመሰግናለሁ።

ለሰፈራችን የሚቀርቡ ሁለት የመንግሥት አፀደ ሕፃናት አሉ። የቱ ይሻላል ብዬ ሁለቱንም ዞሬ አየሁና ያየሁትን በልጄ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አንዱ ለሕፃን ቁመት የተሠራ መታጠቢያ አለው፤ ውሃው ግን ከበርሜል በጣሳ ይቀዳል። የሌላው ቧንቧ ይፈሳል፤ ሽንት ቤቱን ግን ከስምንተኛ ክፍል ጎረምሶች ጋር ነው የሚጋሩት። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፦ በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ካሉት ደረጃዎች የትኛውን አገኙ?

ለምዝገባ ስመጣ ይህንኑ ጠየቅኩ። ባለሙያችሁ ጥያቄዬን ሲሰሙ ስልካቸውን አስቀመጡ። ከእኔ በፊት ለነበሩት ይህ ክብር አልተሰጠም። ደብተሩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ ለወረፋው ሁሉ ያነቡት ጀመር። «መጫወቻ፦ አለ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።» ገጹን ገለጡ። «ዥዋዥዌ፦ ባለ አንድ ሰንሰለት።» ሰው ሳቀ። ወደ ጎረቤት ቢሮም ተጣሩ፦ «ኧረ ና፣ ኢንስፔክተር መጥቶልሃል!» ባልደረባቸው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ፤ ለእሱ ሲባል ዥዋዥዌው ተደገመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምገባ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ደብተር አለ። ነፃ ነገር ደግሞ ይመረጣል እንዴ? መምረጥ ካማረህ ከፍለህ የግል አስተምር!» አሉኝ። የአምስት ዓመት ልጄ ሱሪዬን ይዛ፣ አንዴ የሚስቁትን አንዴ እኔን ታያለች።

ነፃ? የማን ነፃ? ደመወዜ እጄ ሳይገባ የሚቆረጠው ግብር ምን ሊሆን ነው? እኔ ለማኝ አይደለሁም! ልጄም አይደለችም! ደረጃውን ያወጣችሁት ለማን ነው? ለሼልፍ?

ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ። ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል፤ እሰየው። የክፍሉ መጨናነቅ፣ ለሕፃናት ሳይሠለጥኑ የተመደቡት መምህራን፣ የሚቋረጠው ውሃ የእናንተ ብቻ ጥፋት እንዳልሆነም አውቃለሁ።

የእናንተ የሆነው ደብተሬ ነው። «ይጣራል» ተብሎ መሳቢያ ገብቷል። ካጣራችሁት አይቀር ቧንቧውን ከዥዋዥዌው ጋር አጣሩልኝና መልሱልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችው ድመት የልጄ ሥዕል ናት፤ ለወረፋው እንዳትነበብ አደራ።

ከሰላምታ ጋር
ወረፋውን ያሳቀው አባት

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ቁልፍ የያዙት ስብሰባ ላይ ከሆኑ በበሩ ሥር ይግባ)