ድንኳን ወይስ ሞተርሆም፦ ውጭ ማደር ላማራቸው ሁሉ የተሰጠ ጥብቅ ምክር

ኪራይዎን በወር በወሩ እየከፈሉ፣ የማያፈስ ጣሪያና የተመቸ ፍራሽ እያለዎት፣ ድንገት «ጫካ ሄጄ ልደር» የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ አይደንግጡ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖረውን ወገን በየበጋው የሚለክፈው ነገር ነው። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዎ ፎቶ ያሳይዎታል። ቀጥሎ ልጆች ከትምህርት ቤት ሰምተው ይመጣሉ። በመጨረሻም ባለቤትዎን ኮስትኮ ውስጥ አንድ ድንኳን ፊት ለፊት ቆመው በሐሳብ ተውጠው ያገኟቸዋል። እዚህ ከደረሱ ወዲያ መመለሻ የለም። የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ መሬት ላይ ያድራሉ ወይስ ጎማ ላይ?

ይህ ምክር በከባድ የኃላፊነት ስሜት የቀረበ ስለሆነ አንድ መርሕ አስቀድመው ይያዙ። ድንኳን ሒሳቡን በቅድሚያ ያስከፍላል፤ ሞተርሆም በዱቤ ይሰጣል። የድንኳን ሰው ሲደርስ ፍዳውን ያያል፤ ሲመለስ ግን ጠቅልሎ መሄድ ነው። የሞተርሆም ሰው እንደ ጌታ ደርሶ፣ እንደ ጌታ ተኝቶ፣ እሑድ ጠዋት የሒሳቡ ሰዓት ሲደርስ ጓንት ያጠልቃል። ጓንቱ ለምን እንደሆነ ኋላ እንመጣበታለን፤ አሁን ቁርስ እየበሉ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን አገር ቤት ላሉት እናትዎ ነገሩን እንዴት እንደሚነግሯቸው ያስቡበት። «እማዬ፣ ቅዳሜ ድንኳን ልንጥል ነው» ብለው በፍጹም እንዳይጀምሩ። «ውይ በሞትኩት! ማን ሞተ?» ይሉዎታል። ማንም አልሞተም ሲሏቸው «እሰይ! ማን ሊያገባ ነው?» ይላሉ። እኛ አገር ድንኳን ከእድር ይመጣል፤ ሥሩ ወይ ይለቀሳል ወይ ይጨፈራል። ለቅሶም ሠርግም እንዳልሆነ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ለመተኛት ብቻ እንደሆነ ሲያስረዷቸው ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። «ቤት አለን ስትሉኝ አልነበር እንዴ?» ይመጣል። በማግስቱ የንስሐ አባትዎ ከደወሉልዎ ማን እንደነገራቸው አይጠይቁ።

እናትዎን ማሳመን ከፈለጉ ታሪክ ይጥቀሱላቸው። ነገሥታታችን ጎንደር ሳትቆረቆር ለብዙ ዘመን ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን የኖሩ ናቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የዐፄ ልብነ ድንግልን ከተማ ሲጎበኝ ያየው በሺህ የሚቆጠር ድንኳን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ድንኳን ነው። ይህን ሲያወሩ አንዲት ነገር ግን ይዝለሉ፦ ካስማውን የተከሉት ንጉሡ አልነበሩም።

የአሜሪካኖቹም ታሪክ ከዚህ አይለይም። መኪና ሠሪው ሄንሪ ፎርድ፣ ባለ አምፖሉ ቶማስ ኤዲሰንና ጎማ ሠሪው ሃርቪ ፋየርስቶን በየበጋው ካምፕ ይወጡ ነበር፤ ራሳቸውንም «ዱርዬዎቹ» ብለው ሰይመው ነበር። በ1921 ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ ሜሪላንድ ውስጥ መጥተው ተቀላቅለዋቸዋል። ቦታው ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት ነው። ዱርዬዎቹ ታዲያ ወጥ ቤት ነበራቸው፣ ሾፌሮች ነበሯቸው፣ ድንኳናቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት ይበራ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው «እውነተኛ ካምፕ መሬት ላይ ነው» እያለ ቢኮራብዎ፣ ድንኳኑን ማን እንደተከለለት ብቻ ይጠይቁትና ወሬ ይለውጡ።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። እንበልና መሬቱን መረጡ፣ ቦታውም ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከዋሽንግተን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢግ ሜዶውስ የተባለው ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። «እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ይሄማ ቆላ ነው» ብለው ሹራብ ትተው እንዳይሄዱ። አዲስ አበባ ያደጉት ግድግዳ ውስጥ ነው።

ቦታ ሲመርጡ ጎድጓዳውን ይለፉት። ቀን ለስላሳ ሣር የተነጠፈበት ጎድጓዳ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ኩሬ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ዛፉን ይመልከቱ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ከሆነ ሌላ ዛፍ ይፈልጉ። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ጠጠር ይልቀሙ። በጥንቃቄ፣ በእጅዎ እየዳበሱ ይልቀሙ። ሁሉንም ለቅሜ ጨረስኩ ባሉ ጊዜ አንዲት ጠጠር ትቀራለች። አይፈልጓት፤ አያገኟትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እርሷ ራሷ ታገኝዎታለች፣ ከጎድንዎ ሥር ሦስተኛው አጥንት ላይ። ወደ ግራ ቢዞሩ ትከተላለች። ወደ ባለቤትዎ ቢገፏት ተመልሳ ትመጣለች።

ከድንኳኑ ሥር የሚያነጥፉት ሸራ ከድንኳኑ ጠርዝ እንዳይተርፍ። የተረፈው ጫፍ ዝናቡን ተቀብሎ እያስተናገደ ከወገብዎ ሥር ያስገባዋል። ብርድን በተመለከተ የሐበሻ ልማድ ከላይ መደረብ ነው፤ ሁለት ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ ጋቢ። ብርዱ ግን ከሥር ነው የሚመጣው። በአየር የሚነፋው ወፍራም ፍራሽም ቢሆን ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ሙቀትዎን ለመሬቱ ያስረክባል። ጋቢውን ከላይ ያንሱና ከሥር ያንጥፉት። ለጋቢው ክብር መቀነስ ቢመስልም ኩላሊትዎ ያመሰግንዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ቀልድ የሌለበት ቃል፦ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ለሙቀትም ለቡናም ወደ ድንኳን አይግባ። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ዜና አገር ቤት ሁላችንም ሰምተናል። የድንኳን ጨርቅ ስስ ነው ብለው አይሸወዱ፤ የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ወደ ድቡ እንለፍ። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ አለ፤ ስለዚህም ምግብ በመኪና ውስጥ ተቆልፎ እንዲያድር ታዟል። የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ነው። ድብ የሚሄደው አፍንጫው ወደመራው ነው፤ በንጥር ቅቤ የተቁላላ የዶሮ ወጥ ሽታ ደግሞ ከአንድ ተራራ ወደ ሌላ ተራራ ይሻገራል። «ድቡ የፈረንጅ ድብ ነው፣ በርበሬ አይወድም» ብሎ የሚከራከር አጎት አብሯችሁ ካለ፣ ድስቱን ከነአጎትዎ መኪና ውስጥ ይቆልፉ። ማገዶም ከጓሮዎ ቆርጠው ይዘው እንዳይሄዱ፤ በእንጨቱ ውስጥ ዛፍ የሚፈጅ ጢንዚዛ ተደብቆ ሊሄድ ስለሚችል ክልክል ነው። እዚያው ካለው ሱቅ ይገዛሉ።

የጸጥታ ሰዓቱ ከ10 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ይህን ማስታወቂያ በሐበሻ ሰዓት ያነበበ እንግዳ እስከ ንጋት ድረስ ቴዲ አፍሮን ከፍቶ ይጨፍራል፣ ጠባቂው ሲመጣም «ገና 7 ሰዓት ነው» ብሎ ይከራከራል። በሐበሻ ሰዓት ሲነበብ እስከ ቀትር መተኛት ስለሚፈቅድ ትርጓሜው ያጓጓል፤ ሕጉ ግን የተጻፈው በአሜሪካ ሰዓት ነው።

«ይህን ሁሉ አልችለውም፣ ጎማ ላይ እተኛለሁ» ካሉ ብቻዎን አይደሉም። ኤርስትሪም የተባለው ብርማ የአሉሚኒየም ተሳቢ የተወለደው ከባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። ኩባንያው እንደሚተርከው፣ ዋሊ ባያም ሚስቱን ማሪዮንን ካምፕ እንውጣ ሲላት ያለ ማድ ቤቴ ንቅንቅ አልልም አለችው። ሰውየው ሚስቱን መለመኑን ትቶ ማድ ቤቱን ጎማ ላይ ጫነው፤ በ1931 ኩባንያ ሆነ። ይኸው ሰው በ1959 አርባ ያህል ተሳቢ አሰልፎ ከኬፕታውን ተነሣና በ1960 ካይሮ ገባ። መንገዱ በኢትዮጵያ ያልፍ ስለነበር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ለዘመናት በድንኳን የተጓዘ ዙፋን፣ ቤታቸውን ከኋላቸው እየጎተቱ የመጡ አሜሪካኖችን ሲያስተናግድ ማየት ነበር።

እንግዲህ የእርስዎ ተራ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች በተራ መንጃ ፈቃድ ሞተርሆም መንዳት ይቻላል፤ ትናንት ፓርኪንግ ውስጥ ቶዮታ ኮሮላ ለማስገባት ሁለት ሰው ሲያስወርድ የነበረ ሰው ዛሬ ባለ 30 ጫማ ቤት ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ቁመቱን ይለኩ፤ ጣሪያው ላይ የተቀመጠውን ኤሲ ጨምረው ይለኩ። ወደ ቢግ ሜዶውስ በሰሜን በኩል ሲመጡ ሜሪስ ሮክ የተባለ የተራራ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ዋሻው ከ1930ዎቹ ጀምሮ እዚያው ነው፣ ስለ እርስዎ ብሎ አይነሣም። ሞተርሆምዎ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ዞረው በስዊፍት ረን ጋፕ በር ይግቡ። መዞሩ ነዳጅ ይፈጃል፤ ትልልቆቹ ሞተርሆሞች በአንድ ጋሎን ከ6 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄዱት። ዱቤው መቆጠር የጀመረው እዚህ ነው።

ደረሱ። ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭ፣ ቴሌቪዥን፣ የገላ መታጠቢያ ሁሉ አለዎት። የሌለዎት መብራት ነው። የሸናንዶዋ ካምፖች የኤሌክትሪክም ሆነ የውሃ መስመር አይዘረጉልዎትም፤ ጀነሬተር የሚፈቀደውም በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ቤት ጭነው ተራራ የወጡት ሰው ማታ ባትሪ ለመቆጠብ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከመስኮትዎ ሲያዩ የድንኳኖቹ ሰዎች እሳት አንድደው ጀበና ጥደዋል።

ይህ የሚያስገርም ነገር ይፈጥራል። የሞተርሆሙ ሰው ታጣፊ ወንበር አውጥቶ መሬት ላይ፣ ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣ የድንኳኑ ሰው ሮጦ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወንበሩን አስተኝቶ ያድራል። ሁለቱም የከፈሉበት ቦታ ላይ አልተገኙም። ይህን ሲያዩ ማንንም አይውቀሱ፤ ቡና ከተጠራ ብቻ ይጠጉ።

አሁን ወደ ጓንቱ። ሞተርሆም ሁለት የፍሳሽ ታንክ አለው፤ የሽንት ቤቱ ጥቁር ይባላል፣ የመታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያው ግራጫ። እሑድ ጠዋት ፍሳሽ ማስወገጃው ጋ ተሰልፈው ተራዎ ሲደርስ ጓንት ያጠልቃሉ፣ ቱቦውን በሁለት እጅ አጥብቀው ይገጥማሉ፣ ጥቁሩን መጀመሪያ ይከፍታሉ። ግራጫው ሁለተኛ ነው፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦ ይወጣል። የፍሳሽ መስመር ያለው ሌላ ካምፕ ቢገቡም የጥቁሩን ቫልቭ ከፍተው አይተዉ። ፈሳሹ ሄዶ ቀሪው ይቀራል፤ ቀሪው ደግሞ ይደርቃል፤ ከዚህ በላይ አናብራራም። ከኋላዎ ስድስት ቤተሰብ ተሰልፎ ሥራዎን በጥሞና እየተከታተለ ነው። ከመካከላቸው የሚያውቁት ሐበሻ አለ፤ ሁልጊዜም አለ። ቀና ብለው ሰላም ይበሉት፣ እጅ ግን አይስጡት።

እንግዲህ ፍርዱን ለመስጠት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ካስማውን ማን ይተክላል? ታንኩን ማን ያፈሳል? መልስዎ «እኔ» ከሆነ ድንኳንም ይሁን ሞተርሆም፣ የወደዱትን ይዘው ይሂዱ፤ በእሳት ዳር «የትኛው ይሻላል» የሚለው ክርክር እርስዎን አይመለከትም። መልስዎ «ባለቤቴ» ከሆነ፣ አስቀድመው እርሳቸውን ይጠይቁ፤ ዋሊ ባያም ጠይቆ ያገኘው መልስ ፋብሪካ አስከፍቶታል። መልስዎ «ሌላ ሰው አይጠፋም» ከሆነ ግን ንጉሥ ነዎት ወይም ሄንሪ ፎርድ ነዎት፤ ለእንደዚህ ያለ ሰው እዚያው ተራራ ላይ ከ1939 ጀምሮ ቢግ ሜዶውስ ሎጅ ተሠርቶለታል። አየሩ ያው ነው፣ ድቡም ያው ነው። ቀደም ብለው ያስይዙና ሲደርሱ ካርድዎን ይስጡ፤ ከሦስቱ አከፋፈሎች ጠጠርም ጓንትም የሌለበት እርሱ ብቻ ነው።