የ58 ክፍሉ ዝምታ

የዚህ ወግ ጸሐፊ እንባውን የሚደብቅ ሰው አይደለም። ሠርግ ላይ ያለቅሳል፣ ምርቃት ላይ ያለቅሳል፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ላይ ሳይቀር ዓይኑን ሲጠርግ ታይቷል። ስለዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባው “ይህን ካላየህ ፍቅር አላየህም” ብላ አንድ የቻይና ተከታታይ ድራማ ስትነግረው መሐረብ አዘጋጅቶ ነው የተቀመጠው። መሐረቡ ሁለት ጊዜ ረጠበ። የቀረው ጊዜ በንዴት አለፈ።

ድራማው ተራ ድራማ አይደለም። የቻይንኛ ርዕሱ “ሦስት ሕይወት፣ ሦስት ዓለም፣ ዐሥር ሊ የኮክ አበባ” እንደማለት ነው፤ በውጭ አገር “ዘላለማዊ ፍቅር” በሚል ስም ይታወቃል። (“ሊ” የቻይኖች የርቀት መለኪያ ሲሆን ዐሥሩ ተደምሮ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝኛ ዐሥር ማይል ብለው የተረጎሙት ሰዎች የአበባውን ደን በሦስት እጥፍ አስረዝመውታል።) ታንግ ቺ በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ ደራሲ መጀመሪያ በኢንተርኔት ካወጣችው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 30 ቀን 2017፣ የቻይና አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለት ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተጀምሮ ማርች 1 ቀን በ58ኛው ክፍል አበቃ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በኢንተርኔት ከ30 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል ተብሎ ተነገረለት። ይህ ለ1.4 ቢሊዮን ቻይናዊ ቢከፋፈል፣ ትናንት የተወለደው ሕፃን ሳይቀር ለያንዳንዱ ሰው ሃያ አንድ ይደርሰዋል። ከተረቱ ይልቅ ቁጥሩ የባሰ ተረት ነው። ትልቁ የቻይና የቪዲዮ ድርጅት አይቺዪ ራሱ በ2018 ሴፕቴምበር ላይ የእይታ ቁጥር ማሳየቱን ትቶታል።

ጸሐፊው ብቻውን አላየም። አብረውት የሚኖሩት አክስቱ፣ ቤት ውስጥ “እትዬ” የሚባሉት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ጥግ ላይ ቦታቸውን ያዙ። እትዬ በውጭ ድራማ ጀማሪ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ የቱርክ ሰዎች አማርኛ መናገር ሲጀምሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ታማኝ ተመልካቾች አንዷ ነበሩ። የቻይናው ግን ያለ አማርኛ መጣ። ከሥሩ የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ የማስተርጎሙ ሥራ፣ ያለ ደመወዝ፣ በጸሐፊው ላይ ወደቀ።

“ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?” አሉ በመጀመሪያው ምሽት።

“140 ሺህ፣ እትዬ።”

“ስንት?”

“መቶ አርባ ሺህ።”

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉና ፊቷን በጥንቃቄ መረመሩ። “ምንድን ነው የምትቀባው?”

ባይ ቺየን ትባላለች፤ የቺንግቺዩ ምድር የቀበሮዎች ንጉሥ ልጅ፣ ባለ ዘጠኝ ጭራ ነጭ ቀበሮ። የምትወደው ልዑል ዬ ኋ የሰማዩ ንጉሥ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ ሲሆን ገና የ50 ሺህ ዓመት ጎረምሳ ነው። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። “በ90 ሺህ ዓመት ትበልጠዋለች እኮ! ዘመዶቹ ዝም አሉ?” ዘመዶቹ ምን ዝም ይላሉ፣ ያጩለት እነሱው ናቸው። መጀመሪያ የታጨችው ለአጎቱ ነበር። አጎትየው ከእሷው አገልጋይ ጋር ተያይዞ ሲጠፋ፣ ውርደቱን ለመሸፈን ዙፋኑን ለሚወርሰው ልዑል ተላለፈች። “እንደ ርስት” አሉ እትዬ፣ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። (ከካሜራው ውጭ ሂሳቡ ይገለበጣል፤ ልዑሉን የሚጫወተው ማርክ ቻው በ1984፣ ቀበሮዋን የምትጫወተው ያንግ ሚ በ1986 የተወለዱ ናቸው።)

ቀጥሎ የመጣው የወንድ ልብስ ነገር ነው። በኩንሉን ተራራ የሚያስተምረው የጦር አምላክ ሞ ዩዋን ሴት ደቀ መዝሙር አይቀበልም፤ ስለዚህ ባይ ቺየን በአስማት ወንድ ተደርጋ፣ ሲ ዪን ተብላ፣ አሥራ ሰባተኛ ተማሪ ሆና ትገባለች። አስማቱ የተራራው ሰዎች ላይ በደንብ ይሠራል። ቴሌቪዥን ተመልካች ላይ ግን ጭራሽ አይሠራም። ፀጉሯ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ከመታሰሩ በቀር ያችው ያንግ ሚ ናት፤ ቅንድቡ ያው፣ ከንፈሩ ያው፣ ጉንጩ ያው። አሥራ ስድስት ጎልማሶች አብረዋት ሲበሉ፣ ሲጠጡና ሲማሩ አንዳቸውም አልጠረጠሩም። “እነዚህ ናቸው ጦር ሜዳ የሚሄዱት?” አሉ እትዬ።

ጦር ሜዳ ሄዱ። ሞ ዩዋን የመናፍስቱን ንጉሥ ቺንግ ጻንግን በታላቅ ደወል ውስጥ ሲቆልፍ ራሱን መሥዋዕት አደረገ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን እንባ እዚህ ላይ አወጣ። ተማሪዋ ለ70 ሺህ ዓመት የልቧን ደም እየመገበች የመምህሯን አካል ከመፍረስ ጠበቀች። ከዚያ ጥቂት ምሽት ሳይቆይ አልጋ ወራሹ ብቅ ሲል፣ ፊቱ የመምህሩ ፊት! እትዬ ቡናቸውን አስቀመጡ። “ይሄ ባለፈው ሳምንት ሞቶ አልቅሰንለት የለም እንዴ?” ማርክ ቻው ሁለቱንም ነው የሚጫወተው። መንትዮች መሆናቸውን ድራማው የሚናገረው እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ፣ አስተርጓሚው የሚመልሰው አጥቶ ለብዙ ቀን በአሉባልተኛነት ተጠረጠረ።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለም። ቀበሮ ሰው ሲሆን፣ ሰው በደመና ሲሄድ ያልተቀበለ ተመልካች ከመጀመሪያውም መቀመጥ አልነበረበትም። በልጅነቱ የጅብና የዝንጀሮ ተረት ሰምቶ ያደገ ሰው “እንስሳ አይናገርም” ብሎ አይከራከርም። ነገሩ የተበላሸው ሰው የተባለው ልዑል መናገር ባለመቻሉ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባይ ቺየን ቺንግ ጻንግን ለሁለተኛ ጊዜ ስትቆልፍ ኃይሏንና ትዝታዋን ተነጥቃ ወደ ምድር ትወድቃለች፤ ሱ ሱ የምትባል፣ ተራራ ላይ ብቻዋን የምትኖር ምስኪን ሰው ትሆናለች። ዬ ኋ ቆስሎ ደጇ ይወድቃል፣ ታክመዋለች፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ። ጥሩ ነው። ከዚያ ወደ ሰማይ ቤተ መንግሥት ትወሰዳለች። አያትየው ሟች ሚስት እንዳያጠፉበት ፈርቶ፣ ልዑሉ እንደማይወዳት ሆኖ ሊታይ ይወስናል። እንዲህ ያለ ዘዴ በአገር ፖለቲካ አይጠፋም። ግን ዘዴውን ለሚስቱ አልነገራትም! ሌሊት፣ ሰው በሌለበት፣ በጆሮዋ፣ “ማስመሰል ነው፣ ታገሺኝ” የምትል አንዲት አረፍተ ነገር አልወጣችውም። እርጉዝ ሚስቱ ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ፊት እውነት መስሏት በባዕድ ግቢ ስትቀልጥ እያየ በጥቁር ልብሱ ይንጎራደዳል።

ልዑሉን የምትመኘው ሱ ጂን ዓይኗን አጥታ፣ “ሱ ሱ ከሰገነቱ ገፈተረችኝ” ብላ ትከሳለች። ውሸት ነው። የሰማይ ፍርድ ደግሞ ዓይን ስለ ዓይን ሆነ። የሚስቱን ዓይን አውጥቶ ለከሳሿ የሰጠው ማነው? ባልየው ራሱ፣ በገዛ እጁ። ከሚብስ ቅጣት ሊያድናት ነው ይላሉ ጠበቆቹ፤ ልዑሉ በየአገሩ ብዙ ጠበቃ አለው። እሷ ግን ምክንያቱን የሚነግራት አላገኘችም። ልጇን በጨለማ ወለደች፣ መንገዱን በእጇ እየዳሰሰች ወደዚያው ሰገነት ሄደች፣ ዘለለች። እሱም ተከትሎ ዘለለ። መዝለል ያውቃል፤ መናገር ነው ያቃተው።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” አሉ እትዬ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ። ቀጥለውም፣ “ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ውሃ ጎርሷል እንዴ?”

ውሃ የጎረሰው እሱ ብቻ አይደለም። የቻይና ተመልካቾች ያለ ቅጥ የተለጠጠ ድራማን “ውሃ የተወጋ” ይሉታል። ስሙ የመጣው ከሥጋ ቤት ነው፤ ሚዛን እንዲደፋ ሥጋ ውስጥ ውሃ በመርፌ ከሚያስገቡ ነጋዴዎች። (ቅቤ ውስጥ ሙዝ አግኝቶ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።) ምክንያቱ ንግድ ነው። አምራቾች ድራማውን ለጣቢያዎች የሚሸጡት በክፍል ተቆጥሮ ስለሆነ፣ በ35 ክፍል የሚያልቅ ታሪክ 58 ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ኪስ ይገባል። ተመልካቹም መላ አላጣም፤ በአንድ ተኩል ፍጥነት ያያል፣ ሲብስበት በእጥፍ ያስሮጠዋል። አይቺዪ ላይማ የሚወዱትን ተዋናይ ብቻ መርጠው ሌላውን ሁሉ እያለፉ የሚያዩበት ቁልፍ አለ። እትዬ ይህን ሲሰሙ “አንድ ሰው ብቻ ቀንሶ የሚያሳይስ የለውም?” ብለው ጠየቁ። በመጨረሻ የቻይና የብሮድካስት ባለሥልጣን በ2020 ፌብሩዋሪ ላይ ድራማ ከ40 ክፍል እንዳይበልጥ፣ ቢቻል በ30 እንዲያልቅ መመሪያ አወጣ። ለዬ ኋ ሦስት ዓመት ዘገየ።

በዚህ ድራማ ውስጥ ውሃው የተወጋው ከዝምታው ሥር ነው። ልዑሉ አንዴ ቢናገር ሱ ጂን የምትሸርበው ሴራ ክር ያጣል፣ ክር ካጣ ሃያ ክፍል ይቀራል፣ ሃያ ክፍል ከቀረ የሚሸጥ ነገር የለም። ዬ ኋ ዝም የሚለው ከፍቅር ጥልቀት ነው የሚሉ ሰዎች ደረሰኙን አላዩም።

ግማሹ ካለፈ በኋላ ነገሩ ሊያምር ይሞክራል። ሱ ሱ ስትዘል ሞተች የተባለችው አምላክነቷ ተመልሶላት፣ ባይ ቺየን ሆና፣ ሕመሙን የሚያስረሳ መድኃኒት ጠጥታ ትኖራለች። ከ300 ዓመት በኋላ ደካማ ዓይኖቿን በነጭ ሐር ሸፍና ስትሄድ፣ አንድ ሕፃን እግሯን ይዞ “እናቴ” ይላታል። ጸሐፊው ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ መሐረቡን ያወጣው ያኔ ነው። ልዑሉም ወዲያው ይለያታል። ቺንግቺዩ ድረስ ሄዶ ቤቷ ይከርማል፣ ምድጃ ሥር ቆሞ ወጥ ይሠራላታል።

“ምግብ ይሠራል?” እትዬ ቀና አሉ። “ይሄስ ደግ ነው።” ጥቂት ዝም ብለው፣ “ግን ዓይኗን ያወጣበት እጅ እኮ ነው።”

ጸሐፊው የተናደደው እዚህ ላይ ነው፣ ከዓይኑም ይልቅ። ሰውየው የበደለውን ያስታውሳል፤ የተበደለችው ረስታለች። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው ይቅርታውን ሳያወጣ አዲስ ትዳር ይጀምራል። የመርሻው መድኃኒት የተቀመመው ለእሷ ነው ተባለ እንጂ ፈውሱ የደረሰው ለእሱ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ባል ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ጉልበቱ እስኪዝል ይቆማል፤ ካሣም ይከፍላል። ባይ ቺየን ሁሉንም ስታስታውስ ሱ ጂን ዘንድ ሄዳ ዓይኖቿን መልሳ ወሰደች። እትዬ እልል አሉ፤ የታችኛው ቤት ሰው ምን ተገኘ ብሎ ወጣ። ልዑሉ ግን የቀበሮዎቹ ደጅ ቆሞ ሲከለከል፣ እንደገና ለመነጋገር ጊዜ ሳይገኝ፣ ቺንግ ጻንግ ደወሉን ሊሰብር ተነሣና ጦርነት ሄደ። ይቅርታ ከመጠየቅ መሞት ቀለለው። ሊሞት ሲል ደግሞ አፉ ተፈታ። በ50 ሺህ ዓመቱ ያልወጣው ቃል ሁሉ ደም እየተፋ፣ እቅፏ ውስጥ ሆኖ ወጣ። እትዬ “አሁን?” አሉ።

ድራማው በወጣበት በ2017 ኦገስት ላይ ይኸው ልብ ወለድ በሊዩ ዪፌይና በያንግ ያንግ ፊልም ሆኖ ሲኒማ ቤት ገባ፤ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እሱ ደግሞ ተቃራኒው በሽታ አለበት፤ ሦስቱ ሕይወት እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ነው የሚያልፈው። ጸሐፊው አይቶታል፣ ስለሱ ብዙ የሚለው የለም።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ልዑሉ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባይ ቺየን በሐዘን ስትጠጣ፣ ስትንከራተት ከርማለች። አንድ ቀን የኮክ አበባው ሥር ሰው ቆሟል፤ ጥቁር ልብስ። ከሞት የተመለሰው ዬ ኋ ነው። ስሟን ጠርቶ ወደ እሱ እንድትመጣ ይነግራታል። ሙዚቃው ይነሣል፣ አበባው ይረግፋል፣ እሷ እያለቀሰች ትሄዳለች።

“እሷ ናት የምትሄደው?” አሉ እትዬ። “ሦስት ዓመት ሞቶ ቀርቶ፣ እሱ አይመጣም? እግር የለውም?”

ጸሐፊው ሪሞቱን አንሥቶ ሊያጠፋ ሲል እትዬ እጁን ያዙት። ቀጣይ አለው ሲባል ሰምተዋል። አለው፤ በ2020 የወጣ፣ 56 ክፍል፣ ስለ ባይ ቺየን የወንድም ልጅና ዶንግ ኋ ስለሚባል፣ ነጭ ፀጉር ስላለው ጥንታዊ አምላክ።

“ይሄኛውስ ይናገራል?”

ጸሐፊው ዶንግ ኋን ያውቀዋል። በ58ቱ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሻዩን ይዞ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ። መልስ ሳይሰጥ ቡና ሊያፈላ ተነሣ።