ፀሐይ ያልገባችበት ግሩፕ

ላስ ቬጋስ የሚኖር አበሻ ካሜራ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያነሳው ልጁን ነው፤ ቀጥሎ የስትሪፑን መብራት፤ ከዚያ “ዴዝ ቫሊ እንሂድ” ማለት ይጀምራል። አይፈረድበትም። ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር የሚወርደው የሰሜን አሜሪካ ዝቅተኛ መሬት ቢያስነዳው ሁለት ሰዓት ነው። በሐምሌ የሚደፍረው ስለሌለ ጉዞው ለብርዱ ወራት ይቀጠራል። ሲቀጠርም የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። እኔ በእንዲህ ዓይነት ግሩፖች ውስጥ አንብቦ ዝም የሚል አባል ነኝ።

መጀመሪያ የሚያጨቃጭቀው ቀኑ ነው። ታክሲ ነጂው ጃንዋሪ መግቢያ ላይ አይሆንለትም፤ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽኑ ከተማውን የሚሞላበት፣ ገበያው የሚደራበት ሰሞን ነው። ካዚኖ ዲለር የሆነችው በፈረንጅ ገናና በአዲስ ዓመት ዕረፍት አታገኝም። ስንት ተባብለው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ይስማማሉ። እፎይ ሲሉ አንዷ “ጾም አይደለም እንዴ?” ብላ ብቅ ትላለች። እውነቷን ነው፣ የነቢያት ጾም ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ፎቶ የሚያነሳ የለም። ክትፎው ይቅር፣ በያይነቱ ይሁን፤ ሽሮው ተሠርቶ ይሂድ ወይስ እዚያው ይንተክተክ፤ ለማይጾሙት ጥብሱን ማን ይያዝ። ለእንጀራው ብቻውን ኃላፊ ተመድቦለታል። ለፀሐይ መውጫና መግቢያ የተመደበ ሰው ግን የለም።

የዕቃው ነገርማ አይወራ። አንዱ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በክሬዲት ካርድ ይገዛል። ከሩቅ ወፍ የሚያነሱበት ሌንስ ነው፤ እሱ የሚሄደው ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የጨው ሜዳ ሊያነሳ። ሌላው የድሮኑን ካርቶን ፎቶ ይለጥፋል፣ “እንኳን ደስ ያለህ” ይጎርፍለታል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ድሮን ማብረር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ክልክል መሆኑን የሚሰማው ከሬንጀሩ አፍ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው አንባቢውን ነው። በጁላይ 1913 እዚያው ዴዝ ቫሊ ውስጥ፣ ፈርነስ ክሪክ ላይ 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መለካቱን ያነበበ ሰው፣ ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርጎ ከች ይላል። በዲሴምበር ሌሊት ሸለቆው ውስጥ ራሱ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያየው ዳንቴስ ቪው ላይ ደግሞ ነፋሱ ይጨመርበታል። እዚያ ላይ የሰው ጋቢ በግማሽ ሲለምን ታገኙታላችሁ።

አለባበስም ተመክሮበታል፦ ሁሉም ነጭ የሀገር ልብስ። ጥለቱ ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን የካሜራ የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነው። ነጭ ቀሚስ በነጭ ጨው ላይ ሲያቀርቡለት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ሸማውም ጨውም አመድ መስለው ይወጣሉ። መድኃኒቱ ኤክስፖዠሩን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ ማድረግ ነው፤ አንዲት ቁልፍ ማዞር። ስለ ጥለቱ ቀለም የተጻፈው መልእክት ተቆጥሮ አያልቅም፤ ስለዚች ቁልፍ የጻፈ አላየሁም።

ከዚያ የመነሻው ሰዓት ይመጣል። “10 ሰዓት ላይ እንነሳ” ተብሎ ይጻፋል። የጻፈው ሰው በአበሻ ሰዓት ነው ያሰበው፤ ከሌሊቱ 10፣ ለፀሐይ መውጫ ዛብሪስኪ ፖይንት ለመድረስ። ዲለሯ የፈረንጁን የጠዋት 10 ትረዳለች። ታክሲ ነጂው የቀኑን ሥራ ጨርሶ ከምሽቱ 10 ላይ “የት ናችሁ?” ብሎ ይደውላል። በመጨረሻ ድምፅ ሳይሰጥ የጠዋቱ ያሸንፋል፤ ያም ሆኖ ሲደርሱ እኩለ ቀን አልፏል።

እዚህ ላይ ዊንተር ለአርፋጅ ይራራል። በጁን እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ አሸዋው ጥላ አጥቶ ዝርግ ይሆናል። በዲሴምበር ግን ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትወጣ፣ የመስኪት ፍላት የአሸዋ ክምሮች ጀርባቸው ቀኑን ሙሉ ጥላ አያጣም። ዕድሉን ግን ምሳ ይበላዋል። የመኪናው ኮፈን ጠረጴዛ ይሆናል፣ ጉርሻው ይቀጥላል፣ የሌንሱ ቦርሳ ከሽሮው ድስት ሥር ተጋድሟል።

ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ፣ ባድዋተር ሲደርሱ ቡና ይፈላል። ጀበናው በጋዝ ምድጃ ላይ ተጥዶ፣ ታክሲ ነጂው ጨውን ቁልቁል እያየ “ይሄ ምን አለው? እኛ ሀገር ዳሎል ከዚህ በጣም ይዘቅጣል” ይላል። ልክ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው። “አይተኸዋል?” ይሉታል። አላየውም። አቦል ይቀዳል፣ ቶና ይቀዳል። የፀሐይ መግቢያው በፈረንጁ 4፡30 ገደማ ነው ተብሎ ስለተያዘ ማንም አልቸኮለም። ፊት ለፊት በምዕራብ 3,368 ሜትር የሚረዝመው ቴሌስኮፕ ፒክ ቆሟል፤ ፀሐይ ከሰዓቷ ቀድማ ከተራራው ሰንሰለት ጀርባ ትገባለች። በረካ ሲቀዳ ጥላው ጨው ሜዳውን ለብሶታል። “ዕቅዱ ላይ ቀጥሎ ምን ነበር?” ብሎ አንዱ ስልኩን ያወጣል። ከጥቅምት ጀምሮ የታቀደው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ፎቶ አልተነሳም እንዳይባል፣ ተነስቷል፤ በስልክ፣ ሁሉም እየጎረሰ፣ ከጀርባ የተከፈተ የመኪና ኮፈን ይታያል። ከሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘውም እሱ ነው።

ዘንድሮ ግሩፕ ለከፈታችሁ፦ ምግቡን ለተወያዩበት ሰዎች ተዉትና አንድ ሰው ለፀሐይ ብቻ መድቡ። ቡናውን ከመሸ በኋላ አፍሉት፤ ፓርኩ በጨለማ ሰማዩ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያገኘ ስለሆነ ያኔም የሚነሳ ፎቶ አይጠፋም። ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱ። ነዳጅም ከቬጋስ ሙሉ፣ እዚያ ውድ ነው።