የሰማዩ አሥር ደቂቃ

እናንተ ልጆች፣ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎንደሩ፣ እስከ አዘዞ ድረስ፣ ስንት ነው ብላችሁ እስቲ ያን ስልካችሁን ጠይቁት። «100 ኪሎ ሜትር ገደማ» ይላችኋል። ቀጥ ያለ መስመር ይስልና ጣናን ያሻግራችኋል፤ ደቅ ደሴትን በግራ ትቶ፣ በጎርጎራ አጠገብ አልፎ አዘዞ ላይ ጣል ያደርጋችኋል። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ሲያሰላው አሥር ደቂቃ ይወጣዋል። አሥር ደቂቃ! የኔ ቢጤ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስርበት ጊዜ ነው እኮ።

ጫማ ካነሣን አይቀር፣ እሱን ማን ቆጠረው? ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ ይሉሃል። ደርሰህ ትሰለፋለህ። ጫማ አውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ እኔ እኮ ቀስ ብዬ፣ ተረጋግቼ ነበር የታጠቅሁት! ሱሪዬን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ ከዘራዬ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ቆሜ አያለሁ። ተመርምሮ ነጻ ወጣ።

አውሮፕላኑም ቢሆን ስልኩ እንዳሰበው አይሄድም። ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ተነሥቶ ይዞራል፣ ሽቅብ ይወጣል፤ ገና ሙሉ ፍጥነቱን ሳይጠግብ ቁልቁለቱን ይጀምራል። አሥሩ ሃያም ከዚያ በላይም ይሆናል። በዚህ አልቀየምም፤ ከፍታን ማንም አያጭበረብረውም።

ቅያሜዬ ቀጥታ በረራ በሌለበት ዕለት ነው። ሰሜን ልሂድ ስል ደቡብ! ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ቦሌ፣ እንደገና ከ400 በላይ ወደ ጎንደር። ለ100 ኪሎ ሜትር ጉዳይ ከ700 በላይ! ከቦሌ ስመለስ በጣና በኩል ሳልፍ ጠዋት የለቀቅሁትን ሰፈር በመስኮት እያየሁ ነው። ኧረ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! መኪናው በወረታ፣ በአዲስ ዘመን ዞሮ 180 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሻይ ጠጥተህ ትገባለህ፣ ቀበቶህንም የሚነካው የለም።

በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ ሲጀምር የሚበረው በዳኮታ ነበር። ዳኮታ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። የዛሬዎቹ ባለ ሁለት ፕሮፔለሮች እጥፉን ይበራሉ። እስቲ አስሉት፤ በዚህች በጣና መንገድ ላይ ከዳኮታ የተረፈን አሥር ደቂቃ ናት። ሰልፉ የወሰደብን ደግሞ ሁለት ሰዓት። ይህን ዕድገት ብሎ የሚያጨበጭብ ነጋዴ ካለ፣ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ይምከሩት።

አዘዞ ስትደርስም አልደረስክም። ሻንጣ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ እስከ ጎንደር ፒያሳ ከሚወስድህ ሾፌር ጋር የዋጋ ክርክር አለ፤ ክርክሩ ብቻውን ከበረራው ይረዝማል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ርቀት የሚነግረኝ ሰው ከደጄ እስከ ዘመዴ ደጅ ይንገረኝ። ጎንደር ያለችው እህቴ «ወንድም ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ይደርሳሉ?» ስትለኝ በስልኩ ስሌት አልመልስላትም። በምሳ ሰዓት እደርሳለሁ ካልኩሽ፣ እታለም፣ አንቺ የእራቱን ወጥ ጣጂ።